ከካሴት ወደ ኮምፒዩተር፦ የስቴሪዮ ድምፅ መቀየሪያ ቺፕ አመራረጥ

በብዙዎቻችን ቤት፣ በቁም ሣጥን ውስጥ ወይም አልጋ ሥር በተገፋ ካርቶን ውስጥ፣ የሚያጫውታቸው ያጡ ካሴቶች አሉ። አብዛኞቹ ከሙዚቃ ቤት የተገዙ ስለሆኑ ቢበላሹም ሌላ ቅጂ ይገኝላቸው ይሆናል። ጥቂቶቹ ግን ምትክ የላቸውም። ስልክ መደወል ውድ በነበረበት ዘመን ከጅዳ፣ ከሮም ወይም ከዋሽንግተን በሰው እጅ የተላከ የድምፅ ደብዳቤ፣ የአንድ ሠርግ ምሽት ዘፈን፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አያት በገና ሲደረድሩ የተቀረጸ ድምፅ፣ እነዚህ ሁሉ በዓለም ላይ ያላቸው ቅጂ ያ አንድ ካሴት ብቻ ነው። የማግኔት ሽፋኑ ከፕላስቲኩ ላይ እየተላቀቀ የሚሄድ በመሆኑ ያረጀ ካሴት ከአንድ ጊዜ በላይ በደኅና ላይጫወት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዩኔስኮ እና የዓለም አቀፍ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር በጋራ የማስጠንቀቂያ ዘመቻ የከፈቱትም የቴፖቹ ማርጀት ብቻ ሳይሆን የሚያጫውቷቸው መሣሪያዎችና መለዋወጫዎቻቸው ከገበያ መጥፋታቸው ስላሳሰባቸው ነበር።

ካሴትን ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጥ አነስተኛ መሣሪያ መሥራት ለኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ተስማሚ የሆነ የመመረቂያ ሥራ ነው። ይህን ሥራ የሚጀምሩ ተማሪዎች ዘወትር ወደ እኛ ይዘውት የሚመጡት የመጀመሪያ ጥያቄ «ቺፑ ስንት ቢት ይሁን?» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ጥያቄ የመጀመሪያ ሊሆን የማይገባው ለምን እንደሆነ፣ በምትኩም ምን መጠየቅ እንደሚገባ በቁጥር እያሰላን እንመለከታለን።

ቺፑ ምን ይሠራል?

ከቴፕ ማጫወቻ የሚወጣው ድምፅ ያለማቋረጥ ከፍና ዝቅ የሚል ቮልቴጅ ነው። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ደግሞ ቁጥርን ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል የሚቆመው ቺፕ ቮልቴጁን በእኩል የጊዜ ልዩነት እየለካ የእያንዳንዱን ልኬት ቁጥር ያወጣል። ስቴሪዮ ማለት ሁለት ቻነል፣ ማለትም ግራና ቀኝ፣ በአንድ ቅጽበት የሚለኩበት ማለት ነው። በሰከንድ 48,000 ጊዜ ብንለካ እስከ 24,000 ኸርዝ ድረስ ያለውን ድምፅ መልሰን መገንባት እንችላለን፤ የሰው ጆሮ የሚሰማው ደግሞ እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ነው። ከልኬቱ ፍጥነት ግማሽ በላይ የሆነ ድምፅ ወደ ቺፑ ከገባ ግን አይጠፋም፤ ታጥፎ ወደ ታች በመመለስ በቴፑ ላይ ያልነበረ ድምፅ ሆኖ ይሰማል። ስለሆነም ከመለካቱ በፊት ማጣሪያ ያስፈልጋል።

በዛሬው ጊዜ ለድምፅ የሚሠሩት መቀየሪያዎች በአብዛኛው ዴልታ-ሲግማ በተባለው ዘዴ የሚሠሩ ናቸው። ዘዴው በዚህ ስም የታወቀው ኢኖሴ፣ ያሱዳ እና ሙራካሚ የተባሉ ጃፓናውያን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። አሠራሩ ለብዙ ተማሪ ግራ የሚያጋባ ስለሆነ በእህል ንግድ እንመስለው። አንድ ነጋዴ ያለው መስፈሪያ አንድ ቁና ብቻ ነው እንበል። ለአንድ ደንበኛው በየቀኑ ሩብ ቁና ጤፍ ሊሰጥ ተዋውሏል፤ ነገር ግን ሩብ የሚሰፍርበት ዕቃ የለውም። ስለዚህ ዕዳውን በደብተር ይይዛል። በመጀመሪያው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ምንም አይሰጥም፤ ዕዳው አንድ ቁና በሞላበት በአራተኛው ቀን ሙሉ ቁና ሰፍሮ ይሰጣል። ቀን በቀን ቢታይ ነጋዴው ሁልጊዜ ስሕተተኛ ነው። በ64 ቀን ውስጥ የሰጠው ቢደመር ግን 16 ቁና ይሆናል፤ ይህም ለቀን ሲካፈል ልክ ሩብ ነው።

ዴልታ-ሲግማ መቀየሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሻካራ በሆነ መስፈሪያ እጅግ ፈጥኖ ይለካል፤ ለምሳሌ ከ48,000 በ64 እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 3,072,000 ጊዜ። በእያንዳንዱ ልኬት የተረፈውን ስሕተት ወደሚቀጥለው ያሸጋግራል። በዚህ ምክንያት ስሕተቱ በፍጥነት የሚወዛወዝ፣ ማለትም ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ይሆናል፤ በቺፑ ውስጥ የሚገኘው የዲጂታል ማጣሪያም ይህን ክፍል ቆርጦ ይጥለዋል። ለንድፍ ሠሪው ሌላም ጥቅም አለው። ቺፑ የሚለካው በሚሊዮን በሚቆጠር ፍጥነት ስለሆነ ከፊቱ የሚቀመጠው ማጣሪያ የሚከላከለው ወደ ሦስት ሜጋኸርዝ የቀረበውን ብቻ ነው። ለዚህም በብዙ ቺፖች አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ይበቃሉ።

«24 ቢት» የሚለው ጽሑፍ

ቢት በበዛ ቁጥር መለኪያው በደቃቁ ይከፋፈላል። ፍጹም የሆነ መቀየሪያ ቢኖር በከፍተኛው ድምፅና በራሱ ስሕተት መካከል ያለው ርቀት በዴሲቤል የሚገኘው የቢቱን ቁጥር በ6.02 አባዝቶ 1.76 በመደመር ነው። ለ16 ቢት ይህ 98 ገደማ፣ ለ24 ቢት ደግሞ 146 ገደማ ይሆናል። ነገር ግን 146 ዴሲቤል የሚያስገኝ የድምፅ ቺፕ በገበያ ላይ አይገኝም፤ ሊገኝ የማይችልበት ምክንያትም በፊዚክስ ሕግ ውስጥ ነው። ሙሉ መጠኑ 3 ቮልት የሆነ መቀየሪያ በ24 ቢት ሲከፋፈል አንዱ ደረጃ 0.18 ማይክሮቮልት ይሆናል። በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ ከምንም ያልተገናኘ የ1 ኪሎኦም ሬዚስተር ግን በውስጡ ባሉት ኤሌክትሮኖች የሙቀት እንቅስቃሴ ብቻ በ20 ኪሎኸርዝ ስፋት ውስጥ ወደ 0.6 ማይክሮቮልት የሚጠጋ ሁካታ ያመነጫል። መሐንዲሶች ኖይዝ የሚሉት ይህ ሁካታ ከደረጃው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ በ24ቱ ቢቶች ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሁልጊዜ ሁካታን የሚቆጥሩ ናቸው።

በመሆኑም መነበብ ያለበት ቁጥር በዳታሺቱ ውስጥ ዳይናሚክ ሬንጅ ተብሎ በዴሲቤል የተጻፈው ነው። ከቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የሚመጣው ፒሲኤም1808 99 ዴሲቤል ነው፤ ቀመሩን ወደ ኋላ ብንሠራው 16 ቢትን ጥቂት የሚያልፍ ብቻ ነው። የሰርስ ሎጂክ ሲኤስ5381 120፣ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ፒሲኤም4222 ደግሞ 124 ዴሲቤል ናቸው። የመጨረሻው እንኳ በቢት ሲመነዘር ከ20 ጥቂት ይበልጣል። ሦስቱም በመጀመሪያ ገጻቸው ላይ የሚጽፉት ግን ያንኑ «24 ቢት» ነው።

ዳታሺት ሲነበብ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ የሚጻፈው አኃዝ የተለመደው እንጂ ዋስትና የተሰጠበት አይደለም፤ ዋስትናው በውስጥ ባለው ሠንጠረዥ በዝቅተኛ መጠን ዓምድ ሥር ይገኛል። ሁለተኛ፣ ብዙ ጊዜ አኃዙ ኤ-ዌይትድ በሚባል፣ የጆሮን ባሕርይ በሚመስል ማጣሪያ የተለካ ስለሆነ ያለ ማጣሪያ ከሚለካው በሁለት ወይም በሦስት ዴሲቤል የተሻለ መስሎ ይታያል። አንዱ አምራች በአንዱ መንገድ፣ ሌላው በሌላው ለክቶ ከሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ማወዳደር ትርጉም የለውም።

ስሌቱ ከካሴቱ ይጀምር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ «ቺፑ ምን ያህል ጸጥተኛ ነው?» ሳይሆን «የምንገለብጠው ነገር ራሱ ምን ያህል ጸጥተኛ ነው?» የሚል ነው። ካሴት ስናጫውት ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት የምንሰማው «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ የቴፑ የራሱ ሁካታ ነው። ይህ ሁካታ ከተለመደው የድምፅ መጠን በ55 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ያለ ነው እንበል፤ ለተራ ካሴት ይህ ለጋስ ግምት ነው።

ሁለት የማይገናኙ ሁካታዎች ሲደመሩ ኃይላቸው ይደመራል። የቺፑና የቴፑ ሁካታ እኩል ከሆኑ ድምሩ በ3 ዴሲቤል ያድጋል፤ ይህም ይሰማል። የቺፑ በ10 ዴሲቤል ካነሰ ጭማሪው 0.4 ነው። በ20 ካነሰ 0.04 ብቻ ይሆናል፤ ይህን የሚለይ ጆሮ የለም። እንግዲህ ግባችን የቺፑ ሁካታ ከቴፑ ሁካታ ቢያንስ በ20 ዴሲቤል እንዲያንስ ማድረግ ነው።

በቤት ውስጥ የምናውቃቸው የቴፕ ማጫወቻዎች የላይን መውጫ መደበኛ መጠን 0.316 ቮልት ገደማ ነው። ከዚህ በ55 ዴሲቤል የሚያንሰው የቴፕ ሁካታ ወደ 560 ማይክሮቮልት ይሆናል። የፒሲኤም1808 ሙሉ መጠን 3 ቮልት ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለትም በአርኤምኤስ 1.06 ቮልት ነው። ከዚህ በ99 ዴሲቤል የሚያንሰው የቺፑ ሁካታ ደግሞ 12 ማይክሮቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ ርካሹ ቺፕ እንኳ ከቴፑ በ47 እጥፍ፣ ማለትም ከ33 ዴሲቤል በላይ ጸጥተኛ ነው! ከዚህም ሌላ በ0.316 እና በ1.06 ቮልት መካከል 10.5 ዴሲቤል ክፍት ቦታ ይቀራል። ይህ ክፍት ቦታ ትርፍ ነገር አይደለም። ዲጂታል መቀየሪያ ከሙሉ መጠኑ በላይ የመጣበትን ድምፅ እንደ ቴፕ ቀስ በቀስ አያዛባውም፤ ጫፉን በአንድ ጊዜ ይቆርጠዋል። ዘጋቢ የሌለው የሠርግ ካሴት በየትኛው ደቂቃ እልልታው እንደሚፈነዳ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ካሴቱ የሚጫወተው አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ደግሞ የተቆረጠው እልልታ ዳግመኛ አይገኝም።

አንባቢ «እንዲህ ከሆነ የ120 ዴሲቤሉ ቺፕ ለማን ተሠራ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ከፍ ብለን የጠቀስነው የመዛግብት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2009 ለሁለተኛ ጊዜ ባሳተመው መመሪያው፣ አናሎግ ድምፅ ሲገለበጥ ቢያንስ በ48 ኪሎኸርዝ እና በ24 ቢት እንዲሆን፣ መቀየሪያውም ኤ-ዌይትድ ሳይሆን ሲለካ ከ115 ዴሲቤል እንዳያንስ ይመክራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመዛግብት ተቋም በአንድ መሣሪያ ካሴትም፣ በከፍተኛ ፍጥነት የተቀዳ የሪል ቴፕም፣ ሸክላም ይገለብጣል፤ የገለበጠውም ለትውልድ የሚቀመጥ ስለሆነ ሰፊ ዳርቻ ይፈልጋል። በእኛ አስተያየት አንድ ተቋም ኦሪጅናል ቅጂዎችን ለመገልበጥ የሚያስብ ከሆነ ይህን መመሪያ መከተል ይኖርበታል። የቤት ካሴት ለሚገለብጥ ተማሪ ግን በ99 እና በ105 ዴሲቤል መካከል ያለ ቺፕ ከበቂ በላይ ነው፤ የተረፈውን ገንዘብም ከዚህ በታች ለምንዘረዝራቸው ነገሮች ቢያውለው ይሻላል።

ስለ ናሙና ፍጥነት ብዙ አንልም። ካሴት ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ የሚይዘው እጅግ ጥቂት ስለሆነ 48 ኪሎኸርዝ ይበቃል። የ90 ደቂቃ ካሴት በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ስቴሪዮ 1.56 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ በ96 ሲሆን እጥፍ ይሆናል። 192 ኪሎኸርዝ ለካሴት ዲስክ ከመሙላት ያለፈ ፋይዳ የለውም።

የቺፑ ማስመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛም ራሳችን በዚሁ ጉዳይ ተሳስተናል። ውድ የሆነ ቺፕ ገዝተን፣ በጥንቃቄ በይደን፣ ኃይሉን ከኮምፒዩተሩ ዩኤስቢ በቀጥታ ሰጠነው። የሰማነው ቀጭን ፉጨት ነበር። ስንለካው ድግግሞሹ 1 ኪሎኸርዝ ሆኖ ተገኘ። የዩኤስቢ መልእክት በየአንድ ሚሊሰከንዱ በፍሬም ተከፋፍሎ የሚላክ በመሆኑ ከመሥመሩ የሚሳበው ኃይልም በሰከንድ 1,000 ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል። ቺፑ ጥፋት አልነበረውም፤ የሰጠነውን በታማኝነት ለክቶ ነበር።

ነገሩ የሚገባን መቀየሪያ ያለ ማስመሪያ እንደማይለካ ስናስታውስ ነው። ማስመሪያው ሬፈረንስ የሚባለው ቮልቴጅ ነው። በፒሲኤም1808 ይህ ቮልቴጅ ከአናሎግ ኃይሉ ግማሽ ሆኖ የሚገኝ ሲሆን ሙሉ መጠኑም የኃይሉ 0.6 እጥፍ ነው፤ ለ5 ቮልት 3 ቮልት ማለት ነው። ኃይሉ አንድ በመቶ ቢወዛወዝ ማስመሪያው አንድ በመቶ ይወዛወዛል፤ በእርሱ የተለካው ድምፅም አብሮ ይወዛወዛል። በሚለጠጥ ሜትር ጨርቅ የሚለካ ልብስ ሰፊን ያስታውሷል። ስለዚህ የአናሎግ ኃይሉ ከዩኤስቢ ሳይሆን ለብቻው ከ9 ቮልት አዳፕተር ተነሥቶ፣ ተማሪዎች ሁሉ በሚያውቁት 7805 ዓይነት ሊኒየር ሬጉሌተር ወደ 5 ቮልት ቢወርድ፣ በሬፈረንሱ እግር ላይም ዳታሺቱ የሚያዘው ካፓሲተር በተቻለ መጠን ተጠግቶ ቢቀመጥ፣ ከ25 ዴሲቤል የወረቀት ብልጫ የበለጠ ጥቅም ይሰጣል።

ሁለተኛው የሁካታ ምንጭ የግድግዳው መብራት ነው። በአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ የሚሰማው ጉምጉምታ በ50፣ በ100 እና በ150 ኸርዝ ላይ ነው። ቴፑ በአንድ ሶኬት፣ ኮምፒዩተሩ በሌላ ሶኬት ተሰክተው በድምፅ ገመዱ ሲገናኙ ግራውንዳቸው ዙሪያ ይሠራል፤ በዚያም ዙሪያ የሚሄደው ጥቂት ጅረት በገመዱ ልባስ ላይ ቮልቴጅ ይፈጥራል። እንደ ፒሲኤም1808 ያሉ፣ ምልክቱን ከግራውንድ አንጻር የሚለኩ ቺፖች ይህን ከድምፁ ለይተው አያውቁትም። ሲኤስ5381 እና ፒሲኤም4222 ግን ዲፈረንሻል መግቢያ ስላላቸው የሁለት ሽቦዎችን ልዩነት ይለካሉ፤ በሁለቱም ላይ እኩል የገባው ጉምጉምታ ይጣፋል። ይህ ከተጨማሪው ዴሲቤል ይልቅ ውድ ቺፕ ለመግዛት የተሻለ ምክንያት ነው እንላለን። ነገር ግን ዲፈረንሻል መግቢያ ከፊቱ ጥሩ ኦፕ-አምፕ ይፈልጋል፤ ያም ተጨማሪ ወጪና ተጨማሪ ስሕተት የሚገባበት በር ነው። ላፕቶፕ ላለው ተማሪ ቀላሉ መፍትሔ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መቅዳት ነው፤ ዙሪያው ይቆረጣል።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ቺፑ የሚለካበት ቅጽበት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቢንቀጠቀጥ፣ በፍጥነት የሚለዋወጠው ድምፅ በስሕተት ቦታው ላይ ይለካል። መንቀጥቀጡ 1 ናኖሰከንድ ከሆነ ሙሉ መጠን ባለው የ20 ኪሎኸርዝ ድምፅ ላይ የምናገኘው ጥራት 78 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ቺፑ 99 ይሁን 124 ለውጥ የለውም። 99 ለማግኘት መንቀጥቀጡ ከ90 ፒኮሰከንድ ማነስ አለበት። ስለዚህ ሰዓቱን ከማይክሮፕሮሰሰር በረጅም ሽቦ ከማምጣት ይልቅ 12.288 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ኦሲሌተር ከቺፑ አጠገብ ማስቀመጥ ይመረጣል፤ ይህ ቁጥር 48,000 ሲባዛ በ256 ነው። ቺፑ የሰዓቱ ጌታ ሆኖ ሌላውን የሚመራበት አሠራር ካለው ነገሩ ይበልጥ ይቀላል። በፒሲኤም1808 ይህ የሚመረጠው ሁለት እግሮችን ከኃይል ወይም ከግራውንድ ጋር በማገናኘት ብቻ ሲሆን ምንም ፕሮግራም አይጠይቅም።

እጅና ገበያ

ቀሪው ጉዳይ የወረቀት ሳይሆን የእጅ ነው። ፒሲኤም1808 14 እግር ያለው ሲሆን እግሮቹ በ0.65 ሚሊሜትር የተራራቁ ናቸው፤ በቀጭን መበየጃ፣ በማጉያ መነጽርና በትዕግሥት በእጅ ይበየዳል። ፒሲኤም4222 ደግሞ 48 እግር አለው። እግር የሌላቸውና ከሆዳቸው በታች የሚበየዱ ቺፖች ለጀማሪ አይመከሩም።

የመገኘቱም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 በጃፓን ኖቤኦካ ከተማ በሚገኘው የአሳሂ ካሴ ማይክሮዲቫይስ ፋብሪካ ላይ እሳት ተነሥቶ ለቀናት ነደደ። በዓለም ዙሪያ የዚህን ኩባንያ መቀየሪያዎች ይዘው ዕቃ ይሠሩ የነበሩ ድርጅቶች ንድፋቸውን እንደገና ለመሥራት ተገደዱ። እኛ ቺፕ ከውጭ የምናስመጣ ሰዎች ከዚህ የምንማረው ሲገዛ ሁለት ሦስት ትርፍ መያዝን፣ ከመግዛትም በፊት አምራቹ ቺፑን ለአዲስ ሥራ የሚመክረው መሆን አለመሆኑን ማየትን ነው።

በመሐል አንድ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አንፈልግም። የቴፑ ራስ ከቀረጸው መሣሪያ ራስ ጋር በትክክል ካልተመሳሰለ፣ ጥቂት ያዘመመ ከሆነ፣ ቀጭኑ ድምፅ ከቴፑ ሳይነሣ ይቀራል። በየትኛውም ቺፕ አይመለስም። የራሱን ትንሽ ብሎን በመፍቻ እያዞሩ ድምፁ ጥርት የሚልበትን ቦታ መፈለግ፣ ራሱንም በአልኮል ማጽዳት ዋጋው የጥጥ ዋጋ ነው። ይህን ልምምድ ግን በማያሳዝን ካሴት ላይ ያድርጉት።

መሣሪያው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ምርጫችን ትክክል መሆኑ በሦስት ቅጂዎች ይፈተናል። በመጀመሪያ የመሣሪያውን መግቢያ ከግራውንድ ጋር አገናኝቶ አንድ ደቂቃ መቅዳት። ቀጥሎ ቴፑን አገናኝቶ፣ አብርቶ፣ ካሴት ሳያስገቡ አንድ ደቂቃ መቅዳት። በመጨረሻ ምንም ያልተቀዳበት ባዶ ካሴት እያጫወቱ አንድ ደቂቃ መቅዳት። የሦስቱን ሁካታ በኮምፒዩተሩ ላይ ስናነጻጽር የመጀመሪያው ከሦስተኛው ቢያንስ በ20 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ከታየ ቺፑ፣ ኃይሉና ሰዓቱ ሥራቸውን ሠርተዋል። ሁለተኛው በ50 ወይም በ100 ኸርዝ ላይ ጉብታ ካሳየ ችግሩ በግራውንዱ ነው፤ የመጀመሪያው ራሱ በ1 ኪሎኸርዝ ላይ ጉብታ ካሳየ ደግሞ እኛ የወደቅንበት ጉድጓድ ነው። ጉብታዎቹ እስኪጠፉ ድረስ ያ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ካሴት ከሣጥኑ አይውጣ።